ጨጓራ ነው ተብሎ የሚታለፈው ሕመም

ሲሪንቃ ውስጥ አንዲት ልጃገረድ ደጋግሞ ካስመለሳት የቤተሰቡ ግምት ከየት እንደሚጀምር የታወቀ ነው። መጀመሪያ ጨጓራ ይባላል። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ለወባ፣ ለታይፎይድና ለታይፈስ ደም ትሰጣለች፤ ሰገራዋም ለአሜባና ለጃርዲያ ይታያል። የኤች ፓይሎሪ ምርመራ ከታዘዘላት፣ ባክቴሪያው በአገራችን በጣም የተስፋፋ ስለሆነ፣ «ተገኝቶብሻል» ብትባል አይገርምም። ኪኒኗን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ማስመለሱ ካልቆመ እናት ማታ ልጇን ለብቻ ጠርታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ ወር አበባዋ ትጠይቃታለች። እርግዝናም እንዳልሆነ ሲታወቅ «ዓይን ነው፣ ሰው በልቷታል» የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ ክርስቲያኑ ወደ ጠበል፣ ሙስሊሙ ወደ ሼኹ ይወስዳታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን «ከበላሽ በኋላ ሆን ብለሽ ታስመልሻለሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው ላይኖር ይችላል።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ሲሪንቃ፣ ከእርሻ ምርምር ማዕከሉ ብዙም ሳይርቅ ነው። አሁን በአእምሮ ጤና ነርስነት በወልድያና በመርሳ አካባቢ እሠራለሁ። ይህን የምጽፈው ያ ጥያቄ ስላልተጠየቀች ብቻ ለረጅም ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት ስትውጥ የኖረች ልጅ አጋጥማኝ ነው። እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ለዋውጫለሁ።

ወልድያ ቤት ተከራይታ የምትማር የኮሌጅ ተማሪ ናት። ወደ እኔ የተላከችው ልቧ ድው ድው እያለባት፣ ጉልበቷም ከድቷት ክፍል ውስጥ ከወደቀች በኋላ ነው። አብረዋት የመጡት እናቷ በፌስታል የያዙትን የመድኃኒት ካርቶን ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። ኦሜፕራዞል አለ፤ የማስመለስ ማስታገሻ አለ፤ አንቲባዮቲክና የደም ማነስ ኪኒንም አለ።

«ሲስተር፣ ይኸውልሽ፣ ያልዋጠችው የለም። መብላቱን ደግሞ ተመስገን ነው፣ ትበላለች። ጉንጯን አታዪውም እንዴት እንደሞላ?» አሉኝ።

ጉንጯ እውነትም ሞልቷል። የሞላው ግን ከጆሮዋ ሥር ወደ መንጋጋዋ በሚወርደው በኩል ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል፣ ሲነኩት የማያም። ጆሮ ደግፍ እንዳይባል ትኩሳት የላትም፣ ቆይቷልም። ያበጡት የምራቅ ዕጢዎቿ ናቸው። ደጋግሞ ማስመለስ እነዚህን ዕጢዎች ያሳብጣቸዋል፤ እናት ግን ልጃቸው የተስማማት መስሏቸው ደስ ብሏቸዋል። ቀጥዬ እጇን እንድታሳየኝ ለመንኳት። በቀኝ እጇ ጣቶች አንጓ ላይ ጠቆር ብሎ የደደረ ጠባሳ አለ።

«ምጣድ አቃጥሎኝ ነው» አለች፤ እናቷም «አዎ» አሉ።

ምጣድ ያቃጠለው እጅ ብዙ አይቻለሁ። እኛ ዘንድ እንጀራ የምትጋግር ሴት ክንዷ ላይ ወይ ጣቶቿ ጫፍ ላይ ጠባሳ አያጣትም። ይህኛው ግን የላይኛው ጥርስ ደጋግሞ የፈገፈገው ቦታ ነበር። የሕክምና መጻሕፍት «የራስል ምልክት» ይሉታል። ጀራልድ ራስል የለንደን የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የ30 ታካሚዎቻቸውን ታሪክ ጽፈው ቡሊሚያ ነርቮዛ የሚባለውን፣ ያለ ልክ በልቶ የበሉትን የማካካስ ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ስም ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቁት እሳቸው ናቸው። ምልክቱ ብቻውን ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ሕመሙ እያለባቸው እጃቸው ንጹሕ የሆነ ብዙ ናቸው። «እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ ጠይቂ» የሚል ጥቆማ ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

እናትየዋን «እናቴ፣ ካላስቸገርኩዎት ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» አልኳቸው። ይህ በእኛ አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም። በሽተኛ ብቻውን አይመጣም፤ እናት፣ አክስት፣ አንዳንዴም ጎረቤት አብሮ ይገባል፣ ለበሽተኛው የሚመልሰውም እሱ ነው። ለዚህ ሕመም ግን በር መዘጋት አለበት። በሩ ሲዘጋ «አብሽሪ» ብዬ ጀመርኩ። «ብዙ ሰው ውፍረት ሲያስጨንቀው የበላውን መልሶ ያወጣዋል። አንቺንስ አጋጥሞሽ ያውቃል?» አልኳት። ጥያቄው እንዲህ መጠየቅ አለበት፤ ብቻዋን እንዳልሆነች አስቀድሞ የሚነግራት መሆን አለበት። «ታስመልሻለሽ እንዴ!» ተብላ ብትጠየቅ ኖሮ «ኧረ በፍጹም!» ብላ ትወጣ ነበር።

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ «ሲስተር፣ እህል እየደፋሁ ነው» አለችኝ።

ወሎ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። አያቷ የ77ን ረሃብ አይተዋል፤ ልጅ ቀብረውበታል። በቅርቡም ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወልድያንና መርሳን ዘግቶ በያዘበት ጊዜ እሷ ራሷ ቆሎ ተቆጥሮ ሲታደል አይታለች። ጥሬ ወድቆ ሲታይ ተለቅሞ በሚሳምበት ቤት ያደገች ልጅ የበላችውን ሆን ብላ መልሳ ስታወጣ የሚሰማትን ነውር አስቡት። ዝም ያለችው ለዚህ ነው። እንደኔ እምነት እኛ ዘንድ ቡሊሚያን ከምርመራ የሚሰውረው ከመሣሪያ እጦት ይልቅ ይህ ነውር ነው፤ ምክንያቱም ሕመሙ የሚታወቀው በዋናነት በደም ወይም በራጅ ሳይሆን በሽተኛዋ በምትናገረው ነው።

ባለሙያ የሚመራባቸው መስፈርቶች አሉ። አንደኛው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ዲ.ኤስ.ኤም. 5 ሲሆን፣ ሌላው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው አይ.ሲ.ዲ. 11 ነው። ሁለቱም መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ አበላሉ ነው። ዲ.ኤስ.ኤም. በአጭር ጊዜ፣ ለምሳሌ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ብዙ ሰው በተመሳሳይ ጊዜና በተመሳሳይ ሁኔታ ከሚበላው በግልጽ የበለጠ መብላትን ይፈልጋል። «በተመሳሳይ ሁኔታ» የምትለዋን እኔ ሁልጊዜ አሰምርባታለሁ። ሃምሳ አምስቱን ቀን ዐቢይ ጾም ጾሞ ፋሲካ ሌሊት ዶሮውን አንስቶ የማይጠግብ ሰው በሽተኛ አይደለም፤ ጎረቤቱም እንደሱ ነው የሚበላው። በረመዳን መግሪብ ሲባል ሾርባውን፣ ሳምቡሳውን፣ ቴምሩን የሚያከታትለውም እንዲሁ ነው። ሰርግ ቤት «በሞቴ፣ ይችን ብቻ!» እየተባለች ሦስተኛ ጉርሻ የጎረሰችም ሴት ከራሷ ፍላጎት በላይ በልታለች፤ ግን ያስበላት ሰው ነው። መስፈርቱን በዚህ አገር ዓይን ያላነበበ ባለሙያ ግማሹን ሕዝብ በሽተኛ ሊያደርገው ይችላል።

የሚለየው ራስን መግታት ማቃት ነው። «በመካከል ማቆም ብትፈልጊ ታቆሚው ነበር?» ስላት ራሷን ነቀነቀች። ቀን ሙሉ ምንም ሳትቀምስ ትውላለች። ማታ የተከራየቻትን ክፍል ቆልፋ እናቷ ለሳምንት የላኩላትን እንጀራ ታወጣለች፤ ወጡን ሳታሞቅ ትበላዋለች፤ እሱ ሲያልቅ ዳቦ፣ ዳቦው ሲያልቅ በሶ። «በሶውን ሳልበጠብጠው በእጄ እየዘገንኩ ነው የምቅመው፤ ያንቀኛል፣ ግን አላቆምም። እጄ የሌላ ሰው እጅ ነው የሚመስለኝ» አለችኝ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሆነ ገለጻ በመማሪያ መጽሐፍ አላነበብኩም።

ቀጥሎ የሚመጣው የበሉትን ለማካካስ የሚደረገው ነው። ማስመለስ አንዱ ብቻ ነው። የሆድ ማለስለሻ ኪኒን፣ ከገበያ የሚገዛው ሰናመኪ፣ ከዓረብ አገር የሚላከው «ቦርጭ የሚያጠፋ» ሻይ፣ የሽንት ማብዣ መድኃኒት፣ ምግብ መዝለል፣ ከልክ ያለፈ ስፖርት ሁሉም ይጠየቃሉ። የሆድ ማለስለሻው ውፍረት ይቀንሳል ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ስለሆኑ አንድ ነገር ልበል፦ የምግቡ ጉልበት ከቀጭን አንጀት ተመጥጦ ካለቀ በኋላ ነው እሱ የሚሠራው። የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፤ ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል።

እዚህም ላይ ዓላማው ይታያል። አባቶቻችንና እናቶቻችን በየጊዜው ኮሶ ጠጥተው ሆዳቸውን ያጥቡ ነበር፤ ግን ለኮሶ ትል ብለው እንጂ ለቁመናቸው አልነበረም። ጾምም እንዲሁ። ልጅቱ በዐቢይ ጾም እስከ ማታ ሳትቀምስ ስትውል ዘመድ ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ!» እያለ ያመሰግናት ነበር። «ጾሙ ሲፈታ ደስ ይልሻል?» ብዬ ጠየቅኳት። «እፈራለሁ። የምደበቅበት ያልቅብኛል» አለችኝ። የሚጾም ሰው ፋሲካን ይናፍቃል፤ እሷ ፋሲካን ትፈራለች። እንዲህ ሲሆን የንስሐ አባትን ማማከር እመክራለሁ፤ ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ለታመመ ሰው ጾምን ያቀላሉና።

ጊዜው ይቆጠራል። በዲ.ኤስ.ኤም. 5 መብላቱም ማካካሱም በአማካይ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ለሦስት ወር መቆየት አለበት፤ በአይ.ሲ.ዲ. 11 አንድ ወር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የቀድሞው መስፈርት በሳምንት ሁለት ጊዜ ነበር የሚጠየቀው፤ አንዴ ብቻ የሚሆንባቸውም እኩል እየታመሙ ከቁጥር ወጥተው መቅረታቸው ስለታየ ወርዷል። እኔ የወር ስም አልጠይቅም፤ «ከጥምቀት ወዲህ ነው ወይስ ከፋሲካ?» ነው የምለው፣ መልሱም ወዲያው ይመጣል። የሕመሙ ክብደትም በዚሁ ይለካል። ማካካሱ በሳምንት ከ1 እስከ 3 ጊዜ ከሆነ ቀላል፣ ከ4 እስከ 7 መካከለኛ፣ ከ8 እስከ 13 ከባድ፣ 14ና ከዚያ በላይ ከሆነ እጅግ ከባድ ይባላል። የእሷ ከባድ ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ጥያቄ ግን ሰውየው ለራሱ የሚሰጠው ዋጋ በሰውነቱ ቅርጽና ክብደት ላይ ምን ያህል እንደተንጠለጠለ ነው። ይህን የተማርኩት ከሌላ ሴት ነው። ከሳዑዲ የተመለሰች፣ የበላችው ሁሉ የሚመለስባት ሴት ነበረች። ለተወሰነ ጊዜ ቡሊሚያ ሊሆን ይችላል ብዬ ጠረጠርኩ። ስለ ውፍረቷ ስጠይቃት ግን ግራ ተጋብታ አየችኝ፤ ብትወፍር ደስታዋ ነው። የሚያስመልሳት የአሠሪዎቿን ቤት የሚያስታውሳት የወጥ ሽታ ነበር፤ እዚያ የደረሰባትን ስትነግረኝ ሕክምናዋ በሌላ መንገድ መሄድ እንዳለበት ገባኝ። ማስመለስ አለ፣ ቡሊሚያ የለም።

ተማሪዋ ጋር መልሱ ሌላ ነው። መንደሯ ስትመለስ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ!» ይሏታል፤ ሙገሳ ነው። ወልድያ ስትመለስ ስልኳ ላይ የሚያምረው ቀጭን ወገብ ነው። «ዛሬ ቀንሻለሁ ካልኩ ፈተና ብወድቅም ደህና ነኝ። ከጨመርኩ መቶ ባመጣም ሰው አይደለሁም» ብላኛለች።

ክብደቷ ለቁመቷ ልክ ነበር፤ መስፈርቱ የሚያጣራው የመጨረሻው ነገርም ይህን ይነካል። በጣም የከሳችና መወፈርን የምትፈራ ልጅ ብትሆን ኖሮ፣ ብታስመልስም እንኳ፣ የሚሰጣት ስም አኖሬክሲያ ነው፤ አያያዙም ይለያል። ከመጠን በላይ እየበላች ምንም የማታካክስም ሌላ ስም አላት። ቡሊሚያ ያለባቸው አብዛኞቹ ግን መካከለኛ ክብደት ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ስላላቸው ሚዛን ላይ ወጥተው ማንም አይጠረጥራቸውም። የእንግሊዟ ልዕልት ዲያና እ.ኤ.አ. በ1995 በቢቢሲ ቀርባ ለዓመታት ቡሊሚያ እንደነበረባት ስትናገር ዓለም የደነገጠው አንዱ ለዚህ ነው፤ በየቀኑ ፎቶዋ የሚነሳ ሴት ነበረች።

ላቦራቶሪው ታዲያ ለምን ይጠቅማል? ሌላ በሽታ እንዳይታለፍና አደጋው እንዲታወቅ። እርግዝና፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ችግር፣ የሆድና የአንጀት ሕመም፣ ጠዋት ጠዋት ከራስ ምታት ጋር የሚያስመልስ ከሆነ ደግሞ የጭንቅላት ችግር መታየት አለባቸው። ከሁሉ በላይ ፖታሺየም ይለካል። ባስመለሱ ቁጥር ሰውነት አሲድና ፈሳሽ ያጣል፤ ይህን ለማካካስ ኩላሊት ፖታሺየሙን በሽንት ያስወጣል። ፖታሺየም ሲወርድ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል፣ አንዳንዴም ልብ ይቆማል። ልጅቱ ክፍል ውስጥ የወደቀችው በዚህ ነበር። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ተደርጎላት፣ ፖታሺየሙ እስኪስተካከል በውስጥ ደዌ ክፍል ተኝታ ቆየች። የጥርስ ሐኪሙም የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ በስተኋላ በኩል መበላታቸውን አየ። ካስመለሳት በኋላ ወዲያው መቦረሽ ጉዳቱን ስለሚያብስ በውሃ ብቻ እንድትጉመጠመጥ ነገራት።

«ለምን ራሷን አትገዛም?» የሚሉ አሉ፤ መልሱን ሰዎች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ይሰጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ አንሴል ኪይስ የሚባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ ሚኒሶታ 36 ጤነኛ ወንዶች በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት ከፊል ረሃብ ውስጥ እንዲቆዩ አደረጉ። ምግቡ ሲመለስላቸው ከመካከላቸው ጠግበው ማቆም የተሳናቸው ነበሩ። ረሃብ ራሱ አእምሮን ምግብ ላይ ይቸነክረዋል። ቀን ሙሉ ባዶ ሆዷን የምትውል ልጅ ማታ መግታት ቢያቅታት የባሕርይ ጉድለት አይደለም።

«የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለውንም ሰምቻለሁ። የፊጂ ታሪክ ግን ሌላ ይላል፤ ፊጂ ሰፊ ገላ የሚወደስባት የፓስፊክ ደሴቶች አገር ናት። አን ቤከር የተባለች ተመራማሪ ናድሮጋ በተባለው አካባቢ ቴሌቪዥን በገባበት እ.ኤ.አ. በ1995 ከጠየቀቻቸው ተማሪ ልጃገረዶች መካከል ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስመልስ አንዲትም አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግማ ስትጠይቅ ግን 11.3 በመቶዎቹ እናደርገዋለን አሉ። ሲሪንቃ ዛሬ ከዚያ ቴሌቪዥን የበለጠ ስልክ አላት።

የጤና ጣቢያ ባለሙያዎቻችንን አልወቅስም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በጤና ጣቢያ ደረጃ የአእምሮ ሕክምና ለመስጠት ባለሙያ ያሠለጠነችበት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ድብርትን፣ የሚጥል በሽታን፣ ሳይኮሲስን፣ ሱስን ያስተምራል፤ እንደ ቡሊሚያ ያለው የአመጋገብ መታወክ ግን የራሱ ምዕራፍ የለውም። ያልተማሩትን እንዲያዩ መጠበቅ አይቻልም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1999 እንግሊዝ ውስጥ የተዘጋጁ አምስት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ፤ ለማንኛውም ነርስ ይበቃሉ። ከልክ በላይ ስትጠግቢ ራስሽን ታስመልሻለሽ? አበላልሽን መቆጣጠር እንዳቃተሽ ያሳስብሻል? በሦስት ወር ውስጥ ከስድስት ኪሎ በላይ ቀንሰሻል? ሰው ቀጭን ነሽ እያለሽ አንቺ ወፍራም ነኝ ትያለሽ? ሕይወቴን ምግብ ይዞታል ትያለሽ? ለሁለቱ «አዎ» ያለች ወደ ሙሉ ምርመራ መላክ አለባት። ወንድ ልጅም ከመጣ እነዚሁ ይጠየቁ፤ ቁጥራቸው ያንሳል እንጂ ወንዶችም ይታመማሉ፣ ከሴቶቹም የባሰ ይደብቃሉ።

ሙሉ ምርመራው ላይ ስለ ድብርትና ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ ሳይጠየቅ ማንም መሰናበት የለበትም፤ ከቡሊሚያ ጋር አብረው የሚመጡ ናቸውና።

ሕክምናው በእጃችን ያለ ነው። ፍሉኦክሰቲን የሚባለው መድኃኒት ወልድያም ደሴም ይገኛል፤ ለቡሊሚያ የሚሰጠው መጠን ለድብርት ከሚሰጠው ከፍ ስለሚል የሚያዘው ሐኪም ነው። ዋናው ግን የንግግር ሕክምናው ሲሆን የሚጀምረው ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት በሰዓቱ ከመብላት ነው። ልጅቱ አሁን የምትኖረው ከአንዲት የክፍል ጓደኛዋ ጋር ነው፤ አንድ ሰሐን ላይ ይበላሉ። አልፎ አልፎ ይመለስባታል፤ ያኔ መጥታ ትነግረኛለች፣ ካርዷ ላይ እጽፈዋለሁ፣ እንቀጥላለን። እናቷ «ለአባቷ ምን ብዬ ልንገረው?» ብለውኝ ነበር። «ሕመሟ ስም አለው፣ መድኃኒትም አለው፣ ጥጋብ አይደለም ይበሉት» አልኳቸው፤ እንዳልኳቸውም ነገሯቸው።

ቤታችሁ ውስጥ ከእራት በኋላ ወዲያው የምትሰወር፣ የተቀመጠ ምግብ በሌሊት የሚያልቅባት፣ ጉንጯ ሥር ያበጠ ልጅ ካለች አትቆጧት፣ መጸዳጃ ቤት ድረስም አትከታተሏት። ሆስፒታል ስትሄዱ የአእምሮ ሕክምና ክፍልን ጠይቁ፤ ብቻዋን እንድትገባም ፍቀዱላት። ራሷን ከሳተች፣ ልቧ ካለ ልክ ከመታ፣ ደም ካስመለሳት ወይም ደረቷን አጥብቆ ከወጋት ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዷትና ፖታሺየሟ እንዲለካላት ንገሯቸው።